የዋግ ሌማት የጎደለው

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ የልማት ፋይናንስን የሚመለከት ትልቅ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ታስተናግድ ነበር። በዚያ ሰሞን የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ለማጥፋት ቃል ገባ። ቃሉ ስሙን ያገኘው ከአንዲት የደጋ ከተማ ነው፤ ሰቆጣ ከምትባለው የአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ዞን መዲና። የሰቆጣ ቃል ኪዳን መጀመሪያ የተሞከረው በተከዜ ተፋሰስ ዙሪያ ባሉ 40 የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ሲሆን ኋላ ወደ ሌሎች ክልሎችም ሰፍቷል።

ሰቆጣ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። የ1977ቱ ረኃብ ክፉኛ ከመታቸው አካባቢዎች አንዱ ዋግና አጎራባቾቹ ናቸው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ለቢቢሲ ያነሱት፣ ዓለምን ያስደነገጠው ምስል የተገኘው ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ካለችው ከኮረም ነበር። ያ ረኃብ በግልጽ የሚታይ ነበር። መቀንጨር ግን ዓይን አይስብም። ልጁ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ከብት ያግዳል፤ ቁመቱ ብቻ ለዕድሜው ያጥራል። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ባጠሩበት ደግሞ አጭርነቱን ማን ያስተውለዋል?

የሚያስተውለው መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ ወደ 38 በመቶ ወርዷል፤ ትልቅ ለውጥ ነው። በዚያው ጥናት የአማራ ክልል ግን 46 በመቶ በመያዝ ከክልሎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ተገኘ። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ የሚያመርት፣ ሽንብራና ባቄላ የሚያበቅል፣ ከብትና ንብ የሚያረባ ክልል ልጆቹ እንዴት እንዲህ ያጥራሉ? መልሱን ለማግኘት የእህሉን ብዛት ከመቁጠር አልፎ ሌማቱ ላይ ያለው ምግብ ከምን እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል።

በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለዘመናት የተለጠፈው ሥዕል ምግብን “ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ” ብሎ በሦስት ይከፍላል። ክፍፍሉ ለማስታወስ ቢቀልም አንድ ነገር ይሸፍናል። ሰውነት በብዛት የሚፈልጋቸው ንጥረ ምግቦችም ሦስት ናቸው፤ ካርቦሃይድሬት፣ ፕሮቲንና ስብ። በሥዕሉ ላይ ስብ ከእንጀራና ከድንች ጋር “ኃይል ሰጪ” ተብሎ አብሮ ይታጎራል፤ ለብቻው የሚሠራው ሥራ አይነገርም። ቪታሚንና ማዕድን በሚሊግራም ሲለኩ እነዚህ ሦስቱ የሚለኩት በብዙ ግራሞች ነው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ፕሮቲንም እንዲሁ 4። አንድ ግራም ስብ ግን 9 ይሰጣል። ይህ ልዩነት በአንዲት ትንሽ ልጅ ሆድ ውስጥ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ኋላ ይታያል።

ሦስቱ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚተጋገዙ በግልጽ የሚታየው ምግብ ሲቋረጥ ነው። ጉበት ከእህል ያገኘውን ስኳር ለክፉ ጊዜ ያስቀምጣል፤ የተቀመጠው ግን ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። አእምሮ ያለ ስኳር መዋል ስለማይችል ሰውነት የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ፣ ከፕሮቲኑ ስኳር መሥራት ይጀምራል። ቀናት ሲረዝሙ የተጠራቀመው ስብ ተራውን ይይዛል፤ ጉበት ስቡን አእምሮ ሊጠቀምበት ወደሚችል ሌላ ነገር ይለውጠዋል፣ ጡንቻው የሚፈርስበት ፍጥነትም ይቀንሳል። ስቡ ሲያልቅ የሚቀረው እንደገና ጡንቻ ነው፤ የልብንና የመተንፈሻን ጡንቻ ጨምሮ። በኮረም መጠለያ የታዩት አጥንታቸው የቀረ ሰዎች ይህን ሁሉ ደረጃ ያለፉ ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ ደረጃ ሳይደርስ፣ በየቀኑ ሆድ እየሞላም ሰውነት ይጎድለዋል።

በዋግ ኽምራ ቆላና ወይና ደጋ ማሽላ የብዙ ቤት ዋና እህል ነው፤ ከፍ ባለው መሬት ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ ይጨመራሉ። እህል በአብዛኛው ስታርች ነው፤ ማለትም ካርቦሃይድሬት። ይህ ነውር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ አዋቂ ሰው ከቀን ካሎሪው ከግማሽ በላዩን ከካርቦሃይድሬት ቢያገኝ ጥሩ ነው ይላል። ማሽላ ፕሮቲንም አለው፤ ከ100 ግራም ዱቄት 10 ግራም ገደማ ይገኛል። ችግሩ ያለው ፕሮቲኑ ከተሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ላይ ነው። ፕሮቲን ከሃያ ገደማ አሚኖ አሲዶች ይሠራል፤ ከእነዚህ ዘጠኙን ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። አንዱ ቢጎድል የተቀሩት ለግንባታ ሊውሉ አይችሉም፤ ተቃጥለው ኃይል ይሆናሉ። ማሽላን የሚያጥረው ላይሲን የተባለው ነው። በዚያ ላይ ማሽላ ሲበስል ፕሮቲኑ ስለሚጠጥር ከሌሎች እህሎች ይልቅ ለመፈጨት ያስቸግራል።

ሽሮ ወሳኝ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሽንብራ፣ ምስርና ባቄላ በፕሮቲናቸው ውስጥ ላይሲን የበዛላቸው ናቸው፤ የሚያጥራቸው ሜታዮኒን የተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ነው፤ እሱ ደግሞ በእህል ውስጥ አለ። 50 ግራም ንጹህ የሽንብራ ዱቄት የሚሰጠው ላይሲን 300 ግራም የማሽላ ዱቄት ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል። እንጀራና ሽሮ አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ባንድ ሌማት ላይ የተገኙት የጾም ምግብ በመሆናቸው ብቻ ሳይሆን ሰውነትን ስለሚያቆሙም ነው። ሽሮው እየቀጠነ፣ እንጀራው እየበዛ ሲሄድ ግን ሚዛኑ ይፈርሳል። በክፉ ዓመት መጀመሪያ የሚቀጥነው ደግሞ ሁልጊዜ ወጡ ነው።

የወሎ ገበሬ ይህን ጉድለት በራሱ መንገድ ያወቀው ይመስላል። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆን አክስቴልና ባልደረባቸው ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን በላይሲን መጠናቸው ሲመረምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ጎልተው የወጡ ሁለት ዓይነቶች ማግኘታቸውን አሳወቁ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ የመጡ ነበሩ። ላይሲናቸው ከተራው ማሽላ በግማሽ ያህል ይበልጣል። ገበሬዎች ወተት በጉንጬና ማርጩቄ በሚሏቸው በእነዚህ ማሽላዎች ማሳ አይሞሉም ነበር፤ ከሌላው ማሽላ መካከል ጥቂቱን እየዘሩ፣ ገና እሸት ሳለ ዘለላውን ጠብሰው ይበሉታል። ፍሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ምርቱም ያንሳል፤ በዚህም የተነሳ ሳይንቲስቶቹ እንደጓጉት በዓለም አልተስፋፋም። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ሲፈልገው የኖረው እህል በወሎ ማሳ ዳር ለእሸት ሲባል ተጠብቆ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። የአክስቴል ተማሪ የነበሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል።

ጥራጥሬ ሁሉ ግን ደግ አይደለም። ጓያ በፕሮቲን ከባቄላ አያንስም፤ ድርቅንም ችሎ ይበቅላል። ሌላው ሰብል ሲከዳ በጎንደርም በወሎም የደሃው መጠጊያ ሆኖ የኖረው ለዚህ ነው። በውስጡ ያለው መርዝ ግን ለወራት ዋና ምግብ አድርገው የበሉትን ሰዎች እግር ያሽመደምዳል፤ ያ እግር ደግሞ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በወሎ የደላንታን ደጋ በመታው ድርቅ ወቅት የተደረጉ ጥናቶች አንድ ጠቃሚ ነገር አሳይተዋል፤ ጓያን ከእህል ጋር ቀላቅለው የበሉ ሰዎች የመሽመድመድ ዕድላቸው ያነሰ ነበር። እህሉ የሚያመጣቸው ድኝ ያዘሉ አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ጓያ የሚያጥረው ሜታዮኒንና መሰሎቹ፣ ሰውነትን ሳይከላከሉለት እንዳልቀሩ ተመራማሪዎቹ ያምናሉ። የምግብ ስብጥር እዚህ ላይ የጣዕም ወይም የቁመት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በእግር የመሄድና ያለመሄድ ጉዳይ ሆኗል።

ብዙም የማይወራለት ሦስተኛው፣ ስብ፣ በዋግ ሕፃናት ምግብ ውስጥ ከሁሉም ይልቅ የጎደለው ሳይሆን አይቀርም። የእናት ጡት ወተት ካሎሪው ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከስብ ነው፤ ተፈጥሮ ለሕፃን የመረጠችው ምግብ ይህ ነው። የሕፃኑ አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በከፍተኛ ፍጥነት ያድጋል፤ ውሃው ሲቀነስ ከቀሪው የአእምሮ ክብደት ከግማሽ በላዩ ደግሞ ስብ ነው። ስድስት ወር ሲሞላው አጥሚት ይጀመርለታል። አጥሚት በእህል ዱቄትና በብዙ ውሃ የሚሠራ ነውና ስብ ማለት ይቻላል የለበትም።

ሒሳቡን እንሥራው። በዓለም ጤና ድርጅት ስሌት ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወር ያለ ልጅ ከጡት ወተት በተጨማሪ በቀን 300 ካሎሪ ያህል ከምግብ ያስፈልገዋል። በአንድ ሊትር ውሃ 100 ግራም ዱቄት በጥብጣ አጥሚት የምትሠራ እናት ከሊትሩ ሁሉ የምታገኘው 350 ካሎሪ ቢሆን ነው። እንግዲህ ልጁ ድርሻውን ለማግኘት አንድ ሊትር ለመሙላት ጥቂት የቀረው አጥሚት መጠጣት አለበት። የስምንት ኪሎ ልጅ ሆድ ግን ባንድ ጊዜ የሚይዘው ሩብ ሊትር ገደማ ነው። ልጁ ሁለት ጊዜ ጠጥቶ ይጠግባል፣ ይተኛል፤ እናቱም መጥገቡን አይታ ትረካለች፤ ከቀኑ 300 ካሎሪ ግማሽ የሚጠጋው ግን አልደረሰውም። በአጥሚቱ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ብትጨምርበት 40 ካሎሪ ያህል ይገባዋል፤ ይህም ከዚያው ቀጭን አጥሚት መቶ ሚሊ ሊትር በላይ መጠጣት ማለት ነው፣ ሆዱ ላይ ግን ቦታ አይዝም። በጎመንና በካሮት ውስጥ ያለው፣ ወደ ቪታሚን ኤ የሚለወጠው ነገርም ያለ ስብ በደንብ አይዋሐድም፤ ስለዚህ ማንኪያዋ ዘይት ሁለት ሥራ ትሠራለች።

ሌላው መፍትሔ አጥሚቱን ወፍራም ገንፎ ማድረግ ነው። ሕፃን ግን ወፍራም ገንፎ መዋጥ ይቸግረዋል። እዚህ ላይ በየቤቱ ለጠላ የሚዘጋጀው የገብስ ብቅል ያልተጠበቀ አገልግሎት አለው። እህል ሲበቅል ስታርችን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ያወጣል፤ ከብቅል ዱቄት ጥቂቱን በወፍራም ገንፎ ላይ ጨምረው ሲያማስሉት ገንፎው ዱቄቱ ሳይቀነስ ይቀጥናል፣ ልጁም በቀላሉ ይውጠዋል። ለዚህ ፋብሪካም የውጭ ምንዛሪም አያስፈልግም።

የስብ ምንጭ ጠፍቶም አይደለም። የጾም ገበታ የቅባት እህልን አጠቃቀም ለዘመናት አሳምሮ ያስተማረ ነው፤ ተልባ፣ ሱፍ፣ ኑግ፣ ሰሊጥ። በተከዜ ቆላ ሰሊጥ ይመረታል፤ የሰሊጥ ፍሬ ግማሽ ክብደቱ ዘይት ነው፣ ጥራጥሬን የሚያጥረው ሜታዮኒንም በብዛት አለው። ተልባ ደግሞ ለአእምሮ ከሚያስፈልጉት ኦሜጋ-3 ቅባቶች አንዱን ከብዙ እህሎች በላይ ይዟል። ነገር ግን ሰሊጡ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ኑጉና ተልባው ለአዋቂው ወጥ ይውላል፤ ወደ ሕፃኑ ሳህን የሚደርሰው በጣም ጥቂት ነው።

ጾሙስ? ተራው የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይታቀባል። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በጾም አትገድድም። ይሁን እንጂ በአማራ ክልል የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳገኙት፣ በጾም ወራት ብዙ እናቶች ለሕፃናቸውም እንቁላል አይቀቅሉም፣ ወተትም አያፈሉም፤ የቤቱ ድስትና ማሰሮ ፍስክ እንዳይነካው ስለሚፈሩ። ጉዳዩ የእምነት ሳይሆን የድስት ሆኖ ይገኛል። ለልጁ የተለየች ትንሽ ድስት ማስቀመጥ ስጋቱን ያቃልላል፤ ቄሶችና የንስሐ አባቶች በዐውደ ምሕረት ይህን ሲናገሩ ከጤና ባለሙያ ምክር ይልቅ ይሰማሉ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሠራቸው ነገሮች አንዱ የሃይማኖት አባቶችን በሥራው ማሳተፉ ነው፤ ይህም ከምንም በላይ ሊመሰገን ይገባል።

የዓለም ሳይንስም ሦስቱን በማመዛዘን ረገድ ተሳስቶ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲሲሊ ዊሊያምስ በዛሬዋ ጋና፣ ከጡት ተነጥለው በበቆሎ አጥሚት ብቻ የሚያድጉ ልጆች እግራቸው አብጦ፣ ጸጉራቸው ሳስቶ አይታ ክዋሽዮርኮር የተባለውን በሽታ መዘገበች። ከዚያ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት የዓለም ድርጅቶች የድሃ ሀገራት ችግር የፕሮቲን እጥረት ብቻ እንደሆነ አመኑ። ፋፋ የመጣው በዚያ ዘመን ነው። በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ምርምር ክፍል፣ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከስንዴ፣ ከሽንብራ፣ ከአኩሪ አተርና ከዱቄት ወተት የቀመመው ፋፋ ዛሬም በሱቅ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1974 ግን ዶናልድ ማክላረን የተባለ ሐኪም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያ እምነት ትልቅ ስህተት እንደነበረ ጻፈ፤ ልጁ ጠቅላላ ካሎሪው ካነሰ የሚበላውን ፕሮቲን ለግንባታ ሳይሆን ለኃይል ያቃጥለዋልና። ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው ስብና ካርቦሃይድሬት ሲከልሉለት ብቻ ነው።

ሕክምናው ዛሬ የሚከተለው ይህንኑ ነው። በጽኑ የተጎዳና የተዳከመ ሕፃን ሆስፒታል ሲገባ መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 የተባለው ወተት ሆን ተብሎ ፕሮቲኑ ዝቅ የተደረገ ነው፤ የተዳከመው ጉበትና ኩላሊት ብዙ ፕሮቲን አይችሉም። ሲያገግም ኤፍ-100 ይከተላል፤ ፕሮቲኑ ከፊተኛው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የምግብ ፍላጎቱ ያልጠፋ ልጅ ደግሞ በየጤና ጣቢያው የሚታደለው፣ ብዙ እናቶች ፕላምፒ ነት የሚሉት የለውዝ ሊጥ ይሰጠዋል። አንዷ 92 ግራም ከረጢት 500 ካሎሪ ይዛለች፤ ከዚህም ግማሽ ገደማው የሚመጣው ከስብ ነው። ውሃ ስለሌለባት ቶሎ አትበላሽም፣ ማብሰያም አትፈልግም።

ፕላምፒ ነት ሕይወት ያድናል፤ ቁመት ግን አይመልስም። ለዚያ የዕለት ተዕለት ሌማት ያስፈልጋል፤ የዋግ ኑሮ ደግሞ ሌማቱ ላይ ሊቀመጥ የሚችለውን ወደ ገበያ ይገፋዋል። የአበርገሌ ፍየል በድርቅም የምትታለብ ናት፤ ቅቤ፣ እንቁላልና ፍየል ግን ከሁሉ በፊት ጨው፣ ልብስና እህል መግዣ ናቸው። ማር የዋግ ዝና ነው፤ በሰውነት ውስጥ ግን በአብዛኛው ስኳር ነው፣ ለአንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ጭርሱን አይሰጥም። በሰሜኑ ጦርነት ብዙ ቤት ከብቱን አጣ፤ የ2015 ክረምት ዝናብ ከድቶም በሳህላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ የተረፈው ከብት እየተሸጠ ወደ ማሽላ ተለወጠ። ለቤተሰቡ ያ ውሳኔ ትክክል ነው፤ በአንዲት ፍየል ዋጋ የሚገዛው እህል ከፍየሏ ሥጋ እጅግ የበለጠ ካሎሪ አለው። የሚከፍለው ታናሹ ልጅ ነው።

ከሁለት ሀገር የመጡ ሁለት ጥናቶች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነው የኢኳዶር ጥናት ለስድስት ወር በቀን አንድ እንቁላል የበሉ ሕፃናት መቀንጨራቸው በግማሽ ሊጠጋ በሚችል መጠን ቀነሰ። ያው ሙከራ በማላዊ ሲደገም ግን ለውጥ አልታየም፤ የማላዊዎቹ ሕፃናት በሐይቅ ዳር የሚኖሩና ዓሣ አስቀድሞም የሚበሉ ነበሩ። ዋግ ዛሬ የራሷ ሐይቅ አላት። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ በጀመረው፣ 188 ሜትር ከፍታ ባለው የተከዜ ግድብ ጀርባ የተኛው ውሃ ለአበርገሌና ለዝቋላ ወጣቶች የዓሣ ማጥመጃ ሆኗል። 100 ግራም የቆሮሶ ሥጋ 20 ግራም ገደማ የተሟላ ፕሮቲን አለው። ዓሣው ከመረብ ወጥቶ ወደ ሰቆጣና ከዚያም ርቀው ወዳሉ ከተሞች ሆቴሎች ይጓዛል፤ ከሐይቁ ዳር ባሉ መንደሮች ለሕፃን አጥንቱ ተለቅሞ፣ ከሽሮ ወይም ከገንፎ ጋር ተፈትፍቶ እንዲቀርብ ማስተማር፣ ከዕለቱ መረብም ጥቂቱን ለመንደሩ ማስቀረት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የዓሣ አጥማጅ ማኅበራት አብረው ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው።